18 ይዞ ካርታ መጨመር፦ የውድድር ብላክጃክ እንዴት ይሠራል?

ክረምት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ጅማ ላይ ዝናብ ከጀመረ ቶሎ አይተውም። ፈረንጅ አራዳ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ በርጩማ አሰባስበን ካርታ እየተጫወትን፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሰናል። ታናሽ እህቴ አንድ ዐሥርና አንድ ስምንት ይዛለች፤ ድምሩ 18። ካርታ የሚያድሉት ጎረቤታችን ጋሼ ፊት ለፊታቸው 6 ተገልጧል። እህቴ ያስያዘችውን እጥፍ አደረገችና "ጋሼ፣ አንድ ይጨምሩልኝ" አለች።

ጋሼ እጃቸው ካርታው ላይ ቆመ። "ልጄ፣ ዐሥራ ስምንት እኮ ነው የያዝሽው።"

"አውቃለሁ ጋሼ፤ ይስጡኝ።"

ብላክጃክን ትንሽም ቢሆን የሚያውቅ ሰው፣ 18 ይዞ፣ ያውም አዳዩ 6 እያሳየ ካርታ መጨመር ከእብደት እንደሚቆጠር ያውቃል። እህቴ ግን ትክክል ነበረች። በዚያች ደቂቃ ሌላ ትክክለኛ ምርጫም አልነበራትም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ተቀናቃኟ እኔ ስለነበርኩ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ ተራውን ብላክጃክ፣ ከዚያ የውድድሩን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱ በካርታ አንድ ናቸው፤ በአስተሳሰብ ግን በጣም ይራራቃሉ።

ተራው ጨዋታ

ብላክጃክ በ52 ካርታ ይጫወታል፤ ጆከር የለበትም። ከ2 እስከ 10 ያሉት የተጻፈባቸውን ያህል ይቆጠራሉ። ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግ እያንዳንዳቸው 10 ናቸው። አስ እንደሚያዋጣው 1 ወይም 11 ይሆናል። ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ልብ ይሁን አበባ ለውጥ የለውም፤ ኮንከር የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ግር የሚለው ይሄ ነው፤ ካርታ መደርደርና መሰብሰብ የለም፣ ድምር ብቻ ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የፈለገውን ያህል ያስይዛል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካርታ ይታደላል። አዳዩም ለራሱ ሁለት ይወስዳል፤ አንዱን ገልጦ ሌላውን ሸፍኖ ያስቀምጣል። የእያንዳንዱ ተጫዋች ዓላማ ከ21 ሳያልፍ ከአዳዩ የበለጠ ድምር መያዝ ነው። ከ21 ያለፈ ተቃጠለ፤ ያስያዘውን እዚያው ያጣል። እኩል ከሆኑ አቻ ነው፤ ያስያዘው ይመለስለታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና ባለ 10 የመጣለት ሰው "ብላክጃክ" አለው፤ አዳዩም ተመሳሳይ ካልያዘ በቀር አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል፤ 100 ላስያዘ 150። ይህ ከ21 ጊዜ አንዴ ገደማ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ካርታ መጨመር ወይም በቃኝ ማለት ይችላል። ሁለት ካርታ ብቻ እንደያዘ ያስያዘውን አጥፎ አንዲት ካርታ ብቻ መቀበልም ይችላል፤ ይህን ደብል እንለዋለን። ሁለቱ ካርታዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሌላ እኩል አስይዞ ለሁለት ከፍሎ ይጫወታል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ግማሹን ትቶ ከዙሩ መውጣት ይፈቀዳል። አዳዩ ግን ምንም ምርጫ የለውም። 16 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የግድ ይጨምራል፤ 17 ሲደርስ የግድ ይቆማል። ቢፈልግ እንኳን ማሰብ አይችልም፤ እንደ ማሽን ነው።

ታዲያ ማሽን ከሆነ፣ ቁማር ቤቱ በምን ያተርፋል? በአንድ ነገር ብቻ፦ ተጫዋቹ ቀድሞ ይቃጠላል። እኔ 16 ይዤ ጨምሬ ብቃጠል፣ አዳዩ ኋላ ቢቃጠል እንኳን የኔ አይመለስም። የቤቱ ጥቅም በሙሉ ከዚህች ቅደም ተከተል የሚወለድ ነው። 16 ይዞ የሚጨምር ሰው ከ13ቱ የካርታ ዓይነቶች 8ቱ ያቃጥሉታል፤ ከ6 ጀምሮ እስከ ኪንግ ያሉት ማለት ነው። በመቶኛ ወደ 62 ይጠጋል። በሌላ በኩል አዳዩ 6 ሲያሳይ ከ100 ጊዜ 42 ያህሉን ራሱ ይቃጠላል። ለዚህ ነው አዳዩ 6 ሲይዝ ተጫዋቹ እጁን ሰብስቦ እንዲጠብቅ የሚመከረው።

ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ያሰሉት አራት የአሜሪካ ሠራዊት አባላት ናቸው፦ ሮጀር ባልድዊን፣ ዊልበርት ካንቲ፣ ኸርበርት ማይሰልና ጀምስ ማክደርሞት። ሜሪላንድ ውስጥ አበርዲን በሚባለው የጦር ሠራዊት መሞከሪያ ሥፍራ ሳሉ፣ በዘመኑ በነበረው የጠረጴዛ ማስሊያ ማሽን ለእያንዳንዱ ድምር የሚሻለውን ውሳኔ ለይተው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡት። ኮምፒውተር እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ የተሠራ ሥራ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር አከብራቸዋለሁ። ያን ስሌት ተከትሎ የሚጫወት ሰው ላይ የቤቱ ጥቅም እንደየቦታው ደንብ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል፤ ካስያዘው 100 ብር በአማካይ 50 ሳንቲም እንደማለት። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የሂሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕ፣ የወጡትን ካርታዎች እየቆጠሩ ያንንም ቀሪ ጥቅም መገልበጥ እንደሚቻል አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ትናንሾቹ ካርታዎች ቀድመው ካለቁ የቀሩት በአብዛኛው ዐሥሮችና አሶች ናቸው፣ እነዚህ ደግሞ ለተጫዋቹ ይበጃሉ።

ውድድር ሲሆን

በተራው ጨዋታ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን ያህል እንዳለው አያገባኝም። ትግሌ ከአዳዩ ጋር ነው። በውድድር ግን አዳዩ ጠላቴ አይደለም። እሱ ለሁላችንም እኩል የሚዘንብ ዝናብ ነው፤ ጥያቄው ማን ዣንጥላውን መቼ ዘረጋ የሚለው ነው። ሁላችንም እኩል ይዘን እንጀምራለን፣ ዙሩ ቁጥሩ የታወቀ ነው፣ መጨረሻ ላይ ብዙ የያዘ ያሸንፋል። 1,001 ይዤ ሌላው 1,000 ከያዘ አሸነፍኩ፤ 5,000 ይዤ ሌላው 5,010 ከያዘ ተሸነፍኩ። በዚህች አንዲት ለውጥ ምክንያት የ1956ቱ ስሌት ብቻውን በቂ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የብላክጃክ ውድድር በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ የመጀመሪያውን "ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ብላክጃክ" ያሸነፈው ኤም.አይ.ቲ. ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ካርታ ቆጣሪዎች ቡድን የወጣው ማይክ አፖንቴ ነበር። በ2006 ደግሞ በሲቢኤስ ጣቢያ የታየው "አልቲሜት ብላክጃክ ቱር" ጨዋታውን በጥሎ ማለፍ መልክ አቀረበው፤ እኛ በረንዳ ላይ የምንጫወተው ከዚህኛው የተቀዳውን ነው። ውድድሩ 30 ዙር አለው። 8ኛው፣ 16ኛውና 25ኛው ዙር ሲያልቅ ከሁሉም ያነሰ የያዘው ሰው ይሰናበታል። በመካከል ያለውን ሁሉ የጨረሰም እዚያው ይወጣል። የተረፉት እስከ 30ኛው ይቀጥላሉ።

እኛ ቤት እንዲህ አድርገን ለምደነዋል። ጋሼ ያድላሉ፣ አምስታችን እንጫወታለን። በቺፕ ፈንታ ያለንበት አገር የሰጠንን እንጠቀማለን፦ ጥሬ ቡና ፍሬ 10፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) 50፣ የለስላሳ ቆርኪ 100። ለእያንዳንዱ ሰው 7 ቆርኪ፣ 4 ጀንፈልና 10 ፍሬ ይሰጣል፤ 1,000 ሞላ። ትንሹ ውርርድ 20፣ ትልቁ 500 ነው፤ በ20 የሚካፈል ብቻ ይፈቀዳል፤ ይህን ያደረግነው ብላክጃክ ሲመጣ አንድ ተኩል እጥፉን ለመክፈል ፍሬ ለሁለት መስበር እንዳይኖርብን ነው። ደብል የሚል ሰው ግን ከ500 በላይ መሄድ ይችላል። ሁለት ጥቅል ካርታ ቀላቅለን እንበውዛለን፣ ሩቡ ገደማ ሲቀር መልሰን እንበውዛለን። የ8ኛው ዙር ስንብት ላይ አቦል ይቀርባል፣ የ16ኛው ላይ ቶና፣ የ25ኛው ላይ በረካ። የተሰናበተ ሰው ቡናውን ይቀዳል። ይህ ደንብ ከየትም የተቀዳ አይደለም፤ እናቴ ያወጣችው ነው፣ ከሁሉም ደንቦች የምወደውም እሱን ነው።

ገንዘብ አንጫወትም። ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በከተማችን መወራረጃ ቤት ደጃፍ ትኬት ጨብጠው የሚቆሙ ልጆችን አያለሁ፤ አንዳንዶቹን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እዚያ ያለው ሂሳብ ሁልጊዜ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው፣ ልጁ የቱንም ያህል ቢያስብ። እኛ የምንጫወተው ግን ቤት የለውም፤ ማታ ላይ ጀንፈሉ ወደ ጆንያው ይመለሳል፣ ቆርኪው ወደ ጣሳው። የቀረው የማሰብ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እንደ ገበጣ ወይም እንደ ዳማ፣ ልዩነቱ ዕድልም ድርሻ ያለው መሆኑ ነው።

ሎሚዋ የት ናት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የውድድር ብላክጃክ ግማሽ ችሎታው ያለው ካርታ ከመታደሉ በፊት ነው።

ውርርድ የሚጀመረው በተራ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ያስይዛል፣ ሌሎቹ ተከትለው፣ ካርታውንም በዚያው ቅደም ተከተል ይጫወታሉ። ቀዳሚውን የሚያመለክት ዕቃ በየዙሩ ወደ ቀጣዩ ሰው ይተላለፋል። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ እንደ ትልቅ ቁልፍ ያለ ክብ ነገር ነው፤ እኛ ጋ ሎሚ ነች። ሎሚዋ ፊቱ ያለች ሰው ቀድሞ ያስይዛል፤ ስለዚህ ሌሎቹ የሱን አይተው ይወስናሉ። ከሁሉም የሚመቸው ሎሚዋን ገና አሁን ያሳለፈው፣ ማለትም መጨረሻ የሚናገረው ነው።

ምን ያህል እንደሚመች በቁጥር እንየው። የመጨረሻው ዙር ነው፣ ሁለት ሰው ቀርቷል። አንተ 1,200 አለህ፣ ተከታይህ 1,000።

መጀመሪያ ሎሚዋ እሱ ጋ ናት እንበል። እሱ 500 አስያዘ። አንተ ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው "እየመራሁ ነው፣ ትንሽ ላስይዝ" ይላል። ይህ ስህተት ነው። 20 ብታስይዝና እሱ ቢያሸንፍ እሱ 1,500 ይሆናል፣ አንተ ብታሸንፍ እንኳን 1,220 ላይ ቀረህ። ትክክለኛው መልስ እሱን መቅዳት ነው፤ አንተም 500 አስይዝ። ሁለታችሁም ብታሸንፉ 1,700 ለ1,500፤ ሁለታችሁም ብትሸነፉ 700 ለ500። የ200 ብልጫህ እንዳለ ይሄዳል። እሱ ደብል ቢል አንተም ደብል ልትል ትችላለህ። የሚያሸንፍህ በአብዛኛው የሱ ውጤት ካንተ ሲሻል ነው፣ እሱ አሸንፎ አንተ ሳታሸንፍ ስትቀር ወይም እሱ አቻ ወጥቶ አንተ ስትሸነፍ፤ ሁለታችሁ የምትጋጠሙት አንድ አዳይ ስለሆነ ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ አይሆንም። አዳዩ ሲቃጠል ለሁለታችሁም ይቃጠላል፣ 21 ሲያመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለታችሁንም ይወስዳል።

አሁን ሎሚዋን ወደ አንተ እናዙራት። ቁጥሩ ያው ነው፣ 1,200 ለ1,000፣ ግን አንተ ቀድመህ ታስይዛለህ። 500 ብታስይዝ ተከታይህ ይቺን 20 ያስይዝና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ምክንያቱም አንተ ከተሸነፍክ 700 ላይ ትወርዳለህ፣ እሱ ደግሞ ቢሸነፍም 980 አለው። እሱ ማሸነፍ አይጠበቅበትም፤ የሚፈልገው ያንተን መሸነፍ ብቻ ነው። ተጫዋች ከ100 ዙር በግምት 42 ወይም 43 ያሸንፋል፣ 8 ወይም 9 አቻ ይወጣል፣ የቀረውን ግማሽ የሚጠጋውን ይሸነፋል። ስለዚህ 500 ማስያዝህ ውድድሩን ግማሽ በግማሽ ለሆነ ዕጣ አሳልፎ መስጠት ነው።

160 ብታስይዝስ? ብትሸነፍ 1,040 አለህ። እሱ 20 አስይዞ ብላክጃክ ቢመጣለት እንኳን 1,030 ነው፣ አይደርስብህም። ስለዚህ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ትልቅ አስይዞ ራሱ ማሸነፍ አለበት። የማሸነፍ ዕድሉ ደግሞ ከ100 ወደ 43 ነው። 49ን ወደ 43 ማውረድ ትንሽ ይመስላል፤ በየሳምንቱ ለሚጫወት ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ልብ የሚባለው ይሄ ነው፦ በመጀመሪያው አቀማመጥ፣ መጨረሻ ተናጋሪ ሆነህ ስትቀዳው፣ አደጋው ከዚህ ሁሉ በጣም ያነሰ ነበር። ያው ካርታ፣ ያው ቡና፤ የሎሚዋ ቦታ ብቻ ተቀየረ።

ለዚህ ነው ልምድ ያለው ተጫዋች 20ኛው ዙር ላይ ሆኖ በጣቱ የሚቆጥረው፤ 25ኛው ዙር ላይ ሎሚዋ ማን ጋ ትሆናለች? በመካከል አንድ ሰው ቢወጣ ቆጠራው ይዛባል፤ እንደገና መቁጠር ነው። ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲያደርግ ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ፤ ወደ ጣሪያው ያያል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሌላው ችሎታ የሰው ፍሬ መቁጠር ነው። በደንቡ ሁሉም ያለውን ከፊቱ፣ ቆርኪውን ከቆርኪ ጀንፈሉን ከጀንፈል ለይቶ መደርደር አለበት። በጥሎ ማለፍ ዙር ላይ ጋሼ የሁሉንም ድምር ጮክ ብለው ይናገራሉ። በሌላው ዙር ግን ራስህ በዓይንህ መገመት አለብህ። ካርታ መቁጠር የሚባለው ዝነኛ ጥበብ እዚህ ብዙም አይጠቅምም፤ ምን ያህል ማስያዝ እንዳለብኝ የሚነግረኝ የቀረው ካርታ ሳይሆን የጎረቤቴ ክምር ነው።

መጨረሻ አለመሆን

የጥሎ ማለፍ ዙሮች ሌላ አስተሳሰብ ይጠይቃሉ። 8ኛው ዙር ላይ መሪ መሆን ምንም ሽልማት የለውም። የሚጠበቅብህ መጨረሻ አለመሆን ብቻ ነው። አምስት ሰዎች 1,400፣ 1,100፣ 900፣ 640 እና 600 ይዘዋል እንበል፤ 600ዋ ያንተ ናት፣ መጨረሻ ተናጋሪም ነህ። ላይ ያሉት ሦስቱ በዚህ ዙር አያገቡህም። ዓይንህ ባለ 640ው ላይ ይሁን። እሱ ደንግጦ 300 ካስያዘ አንተ 20 አስይዝ፤ ከተሸነፈ 340 ላይ ይወድቃል፣ አንተ 580 ይዘህ ትተርፋለህ። እሱ ተረጋግቶ 20 ካስያዘ ግን መሮጥ ያለብህ አንተ ነህ፤ 80 አስይዘህ ብታሸንፍ 680 ትደርሳለህ፣ እሱ ብላክጃክ ቢመጣለት እንኳን 670 ነው። 500 ማስያዝ ምን ይጨምርልሃል? ምንም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ነው የሚወድቀው፤ ስለፈራ ያለውን ሁሉ ያፈሳል፣ 80 ይበቃው በነበረበት ቦታ።

አንዳንድ ጊዜ የሚመራውም ሰው ይሳሳታል። 1,400 ይዞ 500 ያስይዛል፣ ይሸነፋል፣ በሚቀጥለው ዙር ሊመልስ ሌላ 500። ማንም ሳያሳድደው ራሱ ሮጦ ገደል ይገባል። በኔም ደርሷል፤ አቦሉን የቀዳሁባት ቅዳሜ አትረሳኝም።

የምስጢር ውርርድ የሚባል ደንብም አለ፤ ከዚያው ከ2006ቱ ዓይነት የመጣ ነው። እያንዳንዱ ሰው በውድድሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያስያዘውን መጠን ከሌሎች መደበቅ ይችላል። እዚያ በወረቀት ይጻፋል፤ እኛ ጋ ሲኒ ይደፋበታል። ፍሬውን በእፍኝ ይዘህ ጠረጴዛው ላይ አኑረህ ሲኒውን ትደፋበታለህ፤ የሚገለጠው ሁሉም ካርታውን ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። እስካሁን ያወራነውን ካስታወስክ የሲኒዋ ጥቅም ወዲያው ይገባሃል። ሎሚዋ አንተ ጋ ሆና፣ ቀድመህ መናገር የግድ ሲሆንብህ፣ ከኋላህ ያለው ሰው ሊቀዳህም ሊሸሽህም አይችልም፤ የሚያየው ሲኒ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲኒዋን መጨረሻ ተናጋሪ ሆኖ መጠቀም ማባከን ነው፤ እሷ የተፈጠረችው ለመጥፎ ቦታ ነው። ለ25ኛው ወይም ለ30ኛው ዙር ያቆዩአታል፣ በተለይ ሎሚዋ ወደነሱ እንደምትመጣ አስቀድመው የቆጠሩ ሰዎች። የተቀናቃኝህ ሲኒ መውጣት አለመውጣቱን ማስታወስም የችሎታው አካል ነው።

ከመጀመራችን በፊት የምንስማማባቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። አዳዩ አስን 11 ቆጥሮ 17 ሲያመጣ ይቆማል ወይስ ይጨምራል (እኛ ጋ ይቆማል)፤ አንድ ጊዜ ጠረጴዛ የነካ ፍሬ አይነሳም፤ ከጨዋታ የወጣ ሰው አይመክርም፣ ቡና እየቀዳም ቢሆን፤ ሁለት ሰዎች እኩል ሆነው መጨረሻ ከሆኑ ሁለቱ ብቻ አንድ ተጨማሪ ዙር ይጫወታሉ። ለማሰብ የሚሰጠው ጊዜም ይወሰን፤ አለበለዚያ ወንድሜ ጣሪያውን እያየ ሊመሽ ነው።

ወደዚያች 18

አሁን እህቴ ያደረገችውን ማየት እንችላለን። በረካ ተጠጥቷል፣ ሦስቱ ተሰናብተዋል፣ እሷና እኔ ቀርተናል። እኔ 1,300 ነበረኝ፣ እሷ 900። የሁለታችንም ሲኒ ወጥቷል። ሎሚዋ እኔ ጋ ነበረች፤ 200 አስያዝኩ። እሷ 400 አስያዘች። እኔ 20 መጣልኝና በቃኝ አልኩ። እሷ 18። ጋሼ 6 ያሳያሉ።

ተራ ጨዋታ ቢሆን እሷ ትቆማለች፣ ብዙ ጊዜም ታሸንፋለች። እዚህ ግን ብትቆም ምን ይሆናል? ጋሼ ቢቃጠሉ፣ ወይም 17 ላይ ቢቆሙ፣ እሷ 1,300 ትደርሳለች፤ ግን እኔም በ20 አሸንፌ 1,500 ላይ ነኝ። ጋሼ 18 ቢያመጡ እሷ አቻ፣ እኔ አሸናፊ። 19 ቢያመጡ እሷ ተሸናፊ፣ እኔ አሸናፊ። 20 ቢያመጡ እኔ አቻ ሆኜ 1,300 ይዤ እቀራለሁ፣ እሷ 500። 21 ቢያመጡ ሁለታችንም እንሸነፋለን፣ 1,100 ለ500። አንድ በአንድ ፈትሹት፤ በ18 ቆማ የምታሸንፍበት አንድም መንገድ የለም። ብትቆም የመቃጠል ዕድል የለባትም፤ የመሸነፍ ዕድሏ ግን መቶ በመቶ ነበር።

ዝም ብላ አንድ ካርታ ብትጨምርስ፣ ሳታጥፍ? 21 ቢመጣላት እንኳን ያስያዘችው 400 ስለሆነ ከ1,300 አታልፍም። እኔን ማለፍ የሚችለው 800 ያስያዘ እጅ ብቻ ነው፤ ብታሸንፍ 1,700። ስለዚህ የቀረላት መንገድ አንድ ነበር፦ አጥፋ፣ አስ ወይም 2 ወይም 3 እንዲመጣላት መጠበቅ። ከ13ቱ ዓይነቶች ሦስቱ ማለት ነው፤ 23 በመቶ። ከዚያም የጋሼ እጅ ከሷ በታች መውጣት አለበት፤ ሁለቱ ሲባዙ ከአምስት አንዴ አይሞላም። ያ ትንሽ ዕድል ነው፤ በሌላው በኩል ያለው ግን ዜሮ ነበር።

ይህን ሁሉ እሷ ያሰላችው ጋሼ "ልጄ" ብለው እስኪጨርሱ ነው። ቀድሞም 400 ብቻ ያስያዘችው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ 500 አስይዛ ቢሆን ለሙሉ ደብል የሚበቃ አይቀራትም፤ 400 ግን ለማጠፍ 400 ያስቀርላታል፣ ከዚያም 100 ይተርፋታል።

ጋሼ ካርታውን ገለጡት። 7 ነበር። 25፤ ተቃጠለች። ወንድሜ "አላልኩሽም!" ብሎ ተነሳ። ጋሼ የሸፈኑትን ሲገልጡ 10 ሆነ፣ 16፤ ጨመሩ፣ 9 መጣ፣ እሳቸውም ተቃጠሉ። "አየሽ፣ ብትቆሚ ታሸንፊ ነበር" አላት ወንድሜ።

እህቴ መልስ አልሰጠችውም። ከፊቱ ካለው ጣሳ ቆርኪ አውጥታ ሁለት ክምር ደረደረችለት፦ በአንዱ 13፣ በሌላው 15። ቆማ ቢሆን ኖሮ የሚኖራት 13ቱ፣ የኔ 15ቱ። ሁለተኛ ነበረች፤ አሁንም ሁለተኛ ናት።